አልተቀመጥኩበትም

ርካሽ ዕቃ ሲበላሽ የሚሰደበው ዕቃው ነው፤ ውድ ዕቃ ሲበላሽ ግን የሚሰደበው ባለቤቱ ነው። ልብ ብላችሁት ታውቃላችሁ? ከመንገድ ዳር የገዛችሁት የፕላስቲክ ወንበር እግሩ ተሰብሮ መሬት ላይ ቢዘረጋችሁ፣ ጎረቤት ይሰበሰብና «አይ የዘንድሮ ዕቃ! እንኳን አንተ ተረፍክ» እያለ አብሯችሁ ወንበሩን ይረግማል። ዋጋው ሲጠራ ሰው አፉን የሚይዝለት ዕቃ ኖሯችሁ በሳምንቱ ቢነቃነቅ ግን፣ ያው ጎረቤት ዓይኑን ጠበብ አድርጎ «ምን አድርገኸው ነው?» ይላል። ዕቃው በዋጋው ልክ ይታመናል፣ እናንተ በዋጋው ልክ ትጠረጠራላችሁ። ይህን ሕግ ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ በራሴ ላይ ተፈጽሞብኝ ነው ያወቅኩት።

መጀመሪያ ስለ ተከሳሹ ጥቂት ልናገር። ቀራንዮ የምኖር፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሂሳብ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ክብደቴን እዚህ አልጽፍም፤ ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ «እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ» ሲል ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ የሚያየው እኔን ነው ካልኩ ይበቃል። በዕድሜዬ ይህ ነው የሚባል ጥፋት የለብኝም፣ ከአንድ በቀር። የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት፣ ሽማግሌዎቼ እሺ ከተባሉ በኋላ፣ የባለቤቴን የአስካለን እናት ለመጀመሪያ ጊዜ እጅ ልነሳ ቤታቸው ገባሁ። በድንጋጤ ያገኘሁት ወንበር ላይ ዘፍ ስል ከበታቼ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ተሰማ። የአማቴ መነጽር ነበር። ወዲያው ተነስቼ ጥፋቴን አመንኩ፣ ይቅርታ ጠየቅኩ፣ በሳምንቱ አዲስ መነጽር ገዝቼ ወሰድኩ። ይቅር ተባልኩ፤ ሰርጉም ተደገሰ። ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ሃያ ሁለት ዓመት በሰላም ኖርኩ። ለካስ በእነ አስካለ ቤት ጥፋት ይቅር ከተባለ በኋላ አይጣልም፣ ታጥፎ ይቀመጣል።

የአስካለ ወንድም ተካ ኮልፌ 18 ማዞሪያ ላይ የቤት ዕቃ መደብር አለው። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ዱባይ እየሄደ ዕቃ ያመጣል። ዘንድሮ ልጁን ቤቲን ዓመቱን ሙሉ ሂሳብ ሳስጠናት ከረምኩ። ለዘመድ ልጅ ክፍያ አይጠየቅም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ተካ ግን የሰው ውለታ አንገቱ ላይ እንዲያድር የማይወድ ሰው ነውና፣ በሐምሌ ከዱባይ ሲመለስ አንድ ነጭ ካርቶን ይዞልኝ መጣ። ታብሌት ነው፤ ያውም ከነብዕሩ። የአምራቹን ስም አልጠራም፤ ስሙ ሲነሳ የትምህርት ቤታችን ወጣት መምህራን ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉለት ዓይነት ነው። «ኦርጅናል ነው መምህር፣ ከዚህ በላይ የለም» አለኝ ተካ፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ።

ካርቶኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ክዳኑ ሲነሳ እንደ ሌላው ካርቶን ቦጭ ብሎ አይከፈትም፤ ፍስስ እያለ፣ በክብር፣ ቀስ ብሎ ነው የሚለቀው። ጠርዙ ቢለኩት ዝንፍ አይልም። ሰዎቹ ለካርቶኑ የተጠበቡትን እኩሌታ ለዕቃው ቢጠበቡ ኖሮ እኔ ዛሬ ይህን ሁሉ አላወራችሁም ነበር።

አስካለ ግን እንዲነካ አልፈቀደችም። ቤታችን ደንብ አለው፤ አዲስ ዕቃ መጀመሪያ ቡፌ ውስጥ ገብቶ ይከበራል። የቴሌቪዥናችን ሪሞት ላስቲኩ ከተገዛ ጀምሮ አልተላጠም፣ ቁጥሩ ስለማይታይ ጣቢያ የምንቀይረው በግምት ነው። ታብሌቱም ከነላስቲኩ፣ ዳንቴል ለብሶ፣ በእንግዳ ብርጭቆዎቹና በሰርጋችን ፎቶ መሃል ተቀመጠ። እንግዳ ሲመጣ ቡፌው ይከፈታል፣ ዳንቴሉ ይነሳል፣ «በጤና ያስጠቅማችሁ» ይባላል፣ ቡፌው ይዘጋል። የተገዛበት ሱቅ ያለ ጥያቄ የሚመልሰው በአሥራ አራት ቀን ውስጥ ከሆነ ብቻ መሆኑን ያወቅነው በኋላ ነው። እኛ አሥራ አራቱን ቀን በዳንቴል አሳለፍነው።

በሦስተኛው ሳምንት ለምኜ አስወጣሁት። የመጪውን ዓመት ትምህርት ላዘጋጅበት የሳሎኑ መስታወት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩትና ብዕሩን አነሳሁ። አንድ መስመር ላሰምር ጥጉን ነካ ባደርገው «ጢቅ» አለ። ሌላውን ጥግ ነካሁ፤ «ጢቅ»። በዚህ ስጫነው በዚያ ይነሳል፣ በዚያ ስጫነው በዚህ ይነሳል።

እንደ ጨዋ ሰው መጀመሪያ የጠረጠርኩት ጠረጴዛውን ነው። ታብሌቱን ይዤ ቡፌው ላይ ሞከርኩ፣ ጢቅ። ፍሪጁ ላይ፣ ጢቅ። ተንበርክኬ ሴራሚኩ ላይ፣ ጢቅ። በመጨረሻ የብረት ማስመሪያዬን አመጣሁ። ይህ ማስመሪያ ሃያ ዓመት ያስተማርኩበት ነው፣ ከብዙ ሰው ይልቅ አምነዋለሁ። ጀርባው ላይ ባጋድመው በመሃል አንድ ወረቀት አለፈ። ወረቀቱን አጠፍኩት፣ አለፈ። እንደገና አጠፍኩት፣ አሁንም አለፈ። ዕቃው ጎብጧል! መመርመር ስጀምር ጉዱ በዛ። ስክሪኑ በአንድ ጥግ ከብረቱ ተላቆ ጥፍሬን ያስገባል። መብራት ሳጠፋ ከታች በኩል፣ በር ስር እንደሚገባ ብርሃን፣ ነጭ ነገር ያፈሳል። ማጥፊያ ቁልፉ ደግሞ እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ ጥርስ ይወዛወዛል። ይህ ሁሉ በስንት ዋጋ? ዋጋውን ተካ አልነገረኝም፤ አስካለ ግን ዕቃውን የምታነሳው ዋጋው እንደተነገራት ሰው ነው።

ጠርቼ አሳየኋት። ጥጉን ነካሁት፣ ጢቅ አለ። እሷ ታብሌቱን አላየችም፤ እኔን አየች። ከዚያ ሶፋውን አየች። ከዚያ «መቼ ነው የተቀመጥክበት?» አለችኝ።

ልብ በሉ፤ ተቀምጠህበት ይሆን ወይ አላለችም። መቼ ነው ያለችው።

በማግስቱ ታብሌቱን በፎጣ ጠቅልዬ፣ ደረቴ ላይ አቅፌ፣ በሚኒባስ 18 ማዞሪያ ወረድኩ። እዚያ የስልክ ጥገና ያላት ሰላም የምትባል ሴት አለች፤ ግንባሯ ላይ አጉሊ መነጽር አስራ የምትሠራ፣ እጇ የተመሰከረለት። ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችውና በሐዘኔታ «ጋሼ፣ እንዲህ ዓይነት ብዙ ይመጣል፤ ሰው ሶፋ ላይ ይረሳውና…» ብላ ጀመረች። አልረሳሁትም አልኳት። ከካርቶኑ ሲወጣ ጀምሮ እንዲህ ነው አልኳት። እሷም ድምፅዋን አለስልሳ «እሺ ጋሼ፣ እርስዎ እንዳሉት ይሁን» አለችኝ። እርስዎ እንዳሉት ይሁን! ከዚህ የበለጠ ሰውን ውሸታም የሚያደርግ ትሕትና አለ? ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ላቃናው ብላ ብትጫነው ስክሪኑ እንደሚሰነጠቅም ነገረችኝና፣ ለምክሯ ምንም ሳትቀበል ሸኘችኝ። ሲያዝኑላችሁ እንዲህ ነው።

ወደ አምራቹ ጻፍኩ። ቤቲ እየተረጎመችልኝ፣ ከማስመሪያው ጋር ስድስት ፎቶ አያይዤ ላክሁ። መልሱ ቶሎ መጣ፣ አክብሮትም የሞላበት መልስ ነው። ስለጻፍኩላቸው አመሰገኑኝ፣ ለእነሱ ምን ያህል ውድ እንደሆንኩ ነገሩኝ፤ ከዚያ በኋላ ጉብጠቱ ከተፈቀደው ልክ ስላላለፈ ዕቃው እንደ ቀጥ ያለ ይቆጠራል አሉ። ሦስት ጊዜ አስነበብኳት። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ቀጥ ያለ መስመር ምን እንደሆነ ሳስተምር ኖሬ፣ ለካ የተፈቀደ ጉብጠት የሚባል ምዕራፍ አምልጦኛል! ተማሪዬ ይህን ፈተና ላይ ቢጽፍልኝ ዜሮ ሰጥቼው ወላጅ አስጠራ ነበር። የእነዚህን ሰዎች ወላጅ የት ሄጄ ላስጠራ?

ቀረኝ የምለው ተካ ነበር። ስህተቴም እዚህ ላይ ነው። ነጋዴ ለሆነ ሰው፣ ያመጣህልኝ ዕቃ እንከን አለበት ማለት ልጅህ ሌባ ናት ከማለት አይተናነስም። እኔ የምናገረው ስለ ፋብሪካው ነው፤ ተካ የሚሰማው ስለ ራሱ ነው። «ሃያ ዓመት ስነግድ እኔ ተካ ፌክ ዕቃ ገዝቼ አውቃለሁ?» አለና ፊቱ ተለዋወጠ። ፌክ ነው አላልኩም አልኩት። ኦርጅናል ሆኖ የጎበጠ ነው አልኩት። ይህ ደግሞ ይብሱን አናደደው፤ ኦርጅናል ከሆነ በራሱ አይጎብጥም ማለት ነው፣ በራሱ ካልጎበጠ ያጎበጠው ሰው አለ ማለት ነው፣ ቤቱ ውስጥ ደግሞ ለዚህ የሚበቃ ሰው አንድ ብቻ ነው። መቼም ሎጂኩ እንከን የለበትም፤ ከታብሌቱ ይልቅ እሱ ቀጥ ያለ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ተካ እሁድ እሁድ መምጣቱን ተወ። አስካለም ወንድሟን ይዛ አልተቆጣችኝም፣ እኔንም ይዛ አልተከራከረችም፣ ሶፋውን ስታይ ትውላለች። ነሐሴ እየተጋመሰ ነበር። እነ አስካለ ከጉራጌ ናቸው፤ በእነሱ ዘንድ መስቀል የሚበላው ታርቆ ነው፣ ቂም ተይዞ ለክትፎ አይቀረብም። አማቴ እማማ ዘርፌ አስኮ ከተካ ጋር ነው የሚኖሩት፤ ልጆቻቸውን በየዓመቱ በመስቀል ሰብስበው ይመርቃሉ። ዘንድሮ ያልታረቀ ካለ ምርቃቱ እንደሚቀር አስታወቁ። እንግዲህ ተመልከቱ፤ በአንድ ጎባጣ ብረት የተነሳ የቤተሰብ ምርቃት ሊቀር ነው። ከሁለት አንዱ መሆን አለበት፤ ወይ ተካ መጥፎ ዕቃ ገዝቷል፣ ወይ እኔ ተቀምጬበታለሁ። ሦስተኛ መንገድ ለማንም አልታየም።

ሽማግሌ ተጠራ። ከተካ መደብር አጠገብ ጨርቅ የሚሸጡት ሐጂ ከማልና የእኔ ጎረቤት ጋሽ ደምሴ፣ በጡረታ ያሉ የአውቶቡስ ሹፌር፣ ቅዳሜ ከሰዓት በተካ መጋዘን ተሰየሙ። የታሸጉ ካርቶኖች ላይ ነው የተቀመጥነው። እኔ አንዱ ካርቶን ላይ ልቀመጥ ስል ተካ ቶሎ ብሎ «እሱ ብርጭቆ ነው!» አለና ዱካ አመጣልኝ። ነገሩ ሳይጀመር ግማሹ ተፈረደ።

ሐጂ ታብሌቱን ተቀብለው የመስታወት ጠረጴዛ ላይ አኖሩትና በጣታቸው ጥጉን ነካ አደረጉት። ጢቅ። ሌላውን፣ ጢቅ። ራሳቸውን ነቀነቁና «እውነትም ይንገጫገጫል» አሉ። ደስ አለኝ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ አንድ ሰው ዕቃውን አየልኝ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ኪሎህ ስንት ነው ልጄ?» አሉኝ።

ማልኩ። ያዘጋጀሁትን ወረቀት አውጥቼ አስረዳሁ፤ ማስመሪያውንም አሳየሁ። ጋሽ ደምሴ ጥሩ ጎረቤት ናቸውና ቆሙልኝ። ሰውየው ሲዋሽ አይቼው አላውቅም፣ አልተቀመጥኩም ካለ አልተቀመጠም አሉ። ዕንባዬ ሊመጣ ነበር። ቀጥለው ግን ጢማቸውን እያሻሹ «ሳያውቀው ተቀምጦበት ቢሆንስ?» አሉ። መጋዘኑ ውስጥ ያለው ሁሉ እፎይ አለ። ተገኘ! ሦስተኛው መንገድ ተገኘ! መምህሩም አልዋሸም፣ ነጋዴውም አልተታለለም። ሳላውቅ ያደረግኩትን ነገር አለማድረጌን እንዴት ብዬ ላስረዳ? ይህን የሚፈታ ቀመር አላውቅም።

ያን ጊዜ ነው ተካ ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ነገር ያወጣው። ታብሌቱን ሲገዛ ተጨማሪ የአደጋ ዋስትና ገዝቶለት ኖሯል። ቢወድቅ፣ ውሃ ቢገባበት፣ ቢቀመጡበት ሳይከራከሩ በአዲስ ይቀይራሉ፤ የሚፈልጉት ምን እንደደረሰበት የሚገልጽ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ፋብሪካው አጉብጦት ከሆነ ግን ያው የተፈቀደ ጉብጠት ነው። ሐጂ ተገርመው ይህን ያህል አስቀድሞ ማሰቡን አመሰገኑትና ምን ታይቶህ ነው የገዛኸው አሉት። ተካ መሬት መሬት እያየ «የእማዬ መነጽር ትዝ ብሎኝ ነው» አለ።

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እኔ ግን ከፋኝ። ሰውየው ስጦታዬን ገና ከዱባይ ሳያስወጣ ቂጤን ፈርቶ ተዋውሏል! እኔ ተካን እንደ ወንድሜ ስቆጥረው፣ እሱ እኔን እንደ ጎርፍና እንደ እሳት ቆጥሮኛል። ተማሪዎቼን ያገኛችሁትን ጻፉ እንጂ መልሱ ይሄ መሆን አለበት ብላችሁ የሌለውን አትጻፉ እያልኩ ጸጉሬ ሸብቷል። አሁን እውነቱን ብናገር የማገኘው ጎባጣው ቀጥ ነው የሚል ደብዳቤ ነው። ያላደረግኩትን አደረግኩ ብል የማገኘው አዲስ ታብሌት፣ የሚስቴ ፈገግታ፣ የተካ እሁድ፣ የእማማ ምርቃት ነው። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

ሐጂ ጠጋ አሉና «ልጄ፣ ይሁን፣ አልተቀመጥክም። ግን ይቅርታ ብትል ምን ይጎድልሃል?» አሉኝ። ይህ የአገራችን ሽምግልና የደረሰበት ከፍታ ነው፤ ጥፋት ሳይኖር ይቅርታ!

ብዙ ካሰብኩ በኋላ የሂሳብ ሰው መውጫ አገኘሁ። «ሳላውቅ ተቀምጬበት ሊሆን ይችላል» ብዬ ጻፍኩ። ሊሆን ይችላል ማለት ሆኗል ማለት አይደለም፤ ለኅሊናዬ ያቆየሁት ያችን ቀዳዳ ነው። ከመደብሩ የተጠራችው ቤቲ ተርጉማ ስታነብልኝ ግን ቀዳዳዋ በመንገድ ወድቃለች፤ «ተቀመጥኩበት» የሚል ብቻ ቀርቷል። የሞባይሏ ቅጽ ረጅም ነገር አይቀበልም አለችኝ። አባትዋ ላኪው አለ፣ ተላከ። ተሳሳምን፣ ትከሻ ለትከሻ ተገጫጨን፣ ሐጂ መረቁን።

ካመንኩ በኋላ በሰው እንዴት ተወደድኩ መሰላችሁ! አስካለ «ያጋጥማል እኮ፣ ከመጀመሪያው ብትነግረኝ ምን ነበረበት» እያለች የምወደውን ሠራችልኝ። ሰላም ወሬው ደርሷት ከሱቋ በር ላይ ሆና «ጋሼ፣ ሰው መሆን ነው፣ አይዞዎት» አለችኝ። ሐሰቱን ስናገር ሁሉም እውነተኛ ሰው ነህ አሉኝ።

ተካ አሮጌውን ይዞ ሄዶ በመስቀል ዋዜማ አዲሱን ይዞ ገባ። በበዓሉ ቀን በመኪናው ከቀራንዮ ወደ አስኮ ሊወስደን መጣ። አስካለ ከፊት ገባች፤ እኔ ከኋላ፣ በፌስታል ካለው ነጭ ካርቶን ጎን። በመካከላችን አንድ ስንዝር ትቼ፣ የበሩን እጀታ በሁለት እጄ ጨብጬ፣ በየጉድጓዱ እየነጠርኩ፣ ትንፋሼን ውጬ ደረስኩ።

ክትፎው ተበላ። እርቁን በዓይናቸው ሊያዩ ሐጂ ከማልም መጥተው ነበር። እማማ ዘርፌ መረቁን፤ ካርቶኑን በሰው ሁሉ ፊት እንድከፍተው አዘዙ። ለጥንቃቄ ቆሜ ነው የከፈትኩት። ፍስስ አለ፣ በክብር። አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩትና እጄን ወደ ኋላ አጣመርኩ፣ እንዳልነካው። ተካ ፈገግ ብሎ በጣቱ ጥጉን ነካ አደረገው።

ጢቅ።

ሌላውን ነካ። ጢቅ።

ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም! ራሱ ገዝቶ፣ ራሱ ተሸክሞ፣ ስምንት ሰው እያየ የተከፈተ ዕቃ! «አያችሁ? አላልኳችሁም?» ብዬ ጮህኩ። ተካ ግንባሩን ቋጥሮ አሰበ፣ አሰበና «መኪናው ውስጥ ከኋላ የተቀመጠው ማን ነበር?» አለ።

ስምንቱም ሰው ዞሮ አየኝ። ካርቶኑ እኮ አልተጨማደደም ልል አፌን ከፈትኩና ተውኩት። እማማ ዘርፌ አጠገባቸው ካለው ባዶ ወንበር ላይ መነጽራቸውን ቀስ ብለው አነሱና ደረታቸው ውስጥ ከተቱት። ተካ መጥቶ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ። «አይዞህ መምህር» አለኝ፣ «ለዚህኛውም ያንኑ ዋስትና ገዝቼለታለሁ።»

ይኸው እስከ ዛሬ የምጠቀምበት ቆሜ ነው።